ብዙ ሕመም የተደራረበባቸውን አረጋውያን በክትትል መያዝ፦ በሰሜን ሸዋ ለሚሠሩ ነርሶች

ስኳር፣ ግፊት፣ የልብ ድካምና የጉልበት ቁርጥማት አንድ አዛውንት ላይ ሲገናኙ ለእያንዳንዱ ሕመም የሚያክም ሰው ይገኛል። የሚጠፋው አራቱን አንድ ላይ የሚያይ ነው። የስኳሩ ክፍል ስኳሩን አስተካክሎ ይሸኛል፤ የልቡ ክፍል ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ይጨምራል፤ ለጉልበቱ ደግሞ ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ሁሉም በየፊናው ልክ ሠርቶ ሳለ ሰውየው በሁለተኛው ሳምንት ኩላሊታቸው ደክሞ ወይም ሌሊት ወድቀው ይመጣሉ። የክትትል አስተባባሪ ነርስ ዋና ሥራ ያለውን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ አምጥቶ የሚጋጨውን ማግኘትና ለሐኪሙ ማሳየት ነው። መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ መቀነስ የሚበዛበት ሥራ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ራሱን የቻለ የነርስ ሥራ ሆኗል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ቢያንስ 12 ወር ይቆያሉ የተባሉ ሁለትና ከዚያ በላይ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ላሉባቸው ሰዎች፣ በወር ቢያንስ ለ20 ደቂቃ የማስተባበር ሥራ ለብቻው ይከፍላል። እኛ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ሥራው የሚወድቀው በጤና ጣቢያው ወይም በሆስፒታሉ የክትትል ክፍል ባለችው ነርስ ላይ ነው፤ ያውም ወረፋው ሳይቀነስላት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው በአንድ ነርስ፣ በአንድ ደብተርና በአንድ ስልክ እንዲሠራ ታስቦ የተጻፈ ነው።

ማንን እንያዝ?

ሁሉንም አረጋዊ ልያዝ ያለ ማንንም ሳይዝ ይቀራል። ለመጀመሪያው ከ15 እስከ 20 ሰው ይበቃል። ከክትትል መዝገቡ ላይ አምስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት የሚወስዱትን፣ ባለፉት ስድስት ወራት ተኝተው የታከሙትን ወይም ድንገተኛ ክፍል የገቡትን፣ በዓመቱ ውስጥ የወደቁትን፣ ሁለት ቀጠሮ በተከታታይ ያለፋቸውን፣ ብቻቸውን የሚኖሩትን፣ ዓይናቸው ደክሞ ሳለ ኢንሱሊን ራሳቸው የሚወጉትን ፈልጉ። ከእነዚህ ሁለቱ የተገጣጠሙባቸውን አስቀድሙ።

የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻ እያዩ መምረጥ ያሳስታል። ስኳራቸው 250 ሆኖ ልጃቸው አጠገባቸው ካለች እናት ይልቅ፣ ስኳራቸው 110 ሆኖ ብቻቸውን የሚኖሩና ግሊቤንክላማይድ (ስኳርን ከልክ በታች ሊያወርድ የሚችል ክኒን) የሚውጡ አባት ይበልጥ ያሰጋሉ።

ዕድሜን በጥንቃቄ መዝግቡ፤ የኩላሊት አቅም ሲሰላ ዕድሜ ይገባበታል። «ሰማንያ ይሆነኛል» የሚለው መልስ አሥር ዓመት ወዲህና ወዲያ ሊል ይችላል። በ1953 የታኅሣሥ ግርግር ጊዜ ከብት ይጠብቁ ነበር ወይስ ገና ሕፃን ነበሩ? በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ትዳር ይዘው ነበር? በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ዕድሜው ወደ እውነቱ ይጠጋል። ካርዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ካልገጠመ የቆየውን ሳትሰርዙ አዲሱን ከጎኑ ጻፉ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ

አርባ ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ጠዋት ወረፋ ሳለ አይሞከርም፤ ከሰዓት በኋላ ቅጠሩ፤ ሩቅ ቀበሌ ለሆኑት የመመለሻ መኪና እንዳያመልጣቸው አስቡ። ሲመጡ አስታማሚያቸውን፣ በቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የጤና መድን መታወቂያቸውንና ያለፉ የሆስፒታል ወረቀቶችን ይዘው እንዲመጡ አስቀድማችሁ ንገሩ። «መድኃኒትዎን ይዘው ይምጡ» ብቻ ከተባሉ የሚያመጡት ሐኪም ያዘዘውን ነው። «ከገበያ የገዙትን፣ ጎረቤት የሰጠዎትን፣ የሚቀቡትን፣ የሚጠጡትንም ጭምር» በሉ።

አስታማሚው ማን እንደሆነ ማጣራት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ወደ ሐኪም ቤት ይዟቸው የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከተማ የሚኖረው ልጅ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ የምታቀብለው ግን ምራት ወይም የልጅ ልጅ ናት። ምክሩ ለልጁ ተነግሮ እሱ አዲስ አበባ ሲመለስ ምክሩም አብሮ ይሄዳል። «መድኃኒቱን በእጅዎ የሚሰጥዎ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁና የዚያችን ሰው ስልክ መዝግቡ፤ ስልክ ከሌላት የቅርብ ጎረቤቷን።

ከዚያ ወደ አዛውንቱ ዞሩ። በልጃቸው በኩል ማውራት ክብርም ይነካል፤ መረጃም ያጠፋል። አባባ፣ እማማ ብላችሁ በአንቱታ፣ ፊታችሁን እያዩ እንዲሰሙ ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ ሳትጮኹ ቀስ ብላችሁ አነጋግሯቸው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ስኳርም ስለ ግፊትም አይሁን። «ከሁሉ አስቀድሞ ምን ቢቀልልዎ ይወዳሉ?» በሉ። «ቆሜ ላስቀድስ» ይላሉ፤ «ለቅሶ መድረስ አቃተኝ» ይላሉ፤ «ሌሊት ለሽንት አልመላለስ» ይላሉ። ይህን በራሳቸው ቃል ከቅጹ አናት ላይ ጻፉት፤ በኋላ ሁለት ሕክምናዎች ሲጋጩ የሚዳኘው እሱ ነው። ቆመው ማስቀደስ ለሚፈልጉና ሲነሱ ለሚያዞራቸው ሰው ግፊቱን ይበልጥ ለማውረድ ሌላ ክኒን መጨመር ከፍላጎታቸው ጋር ይጣላል። በስኳርም እንደዚሁ ነው፤ ብዙ ሕመም ላለባቸው አረጋውያን የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ከ8 በመቶ በታች መሆኑ ይበቃል። እንደ ወጣት ከ7 በታች ለማውረድ መጣደፍ የሚያመጣው የስኳር መውረድን ነው።

ልኬቶቹ

ግፊት የሚበላሸው አለካኩ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ የመንዝ ደጋ ከዚያም ይብሳል። ሰው ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ኮትና ጋቢ ደርቦ ይመጣል። ነርሷ ወረፋውን እያየች በሹራቡ ላይ ትጠመጥማለች፤ ወይም እጅጌውን ወደ ላይ ሰብስባ ክንዱን በጨርቅ ታንቀዋለች። ሁለቱም ቁጥሩን ያሳስታሉ። አንዱን ክንድ ከልብሱ ሙሉ በሙሉ አውጡና ጋቢውን መልሳችሁ በትከሻቸው ላይ ጣሉላቸው። አምስት ደቂቃ ተቀምጠው ይረፉ፤ ባለፈው ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጥተው ከሆነ ቆይታችሁ ለኩ። ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው መሬት ይርገጥ፣ ክንዳቸው በልብ ትይዩ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ልዩነት።

የሚዘለለው ቀጣዩ ክፍል ነው፤ እኛ ግን ለአረጋውያን ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው እንላለን። አምስት ደቂቃ አስተኝታችሁ ለኩ፤ አስነሱና በ1ኛውና በ3ኛው ደቂቃ ቆመው እያሉ ለኩ። የላይኛው ቁጥር በ20፣ ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሲነሱ የሚያዞራቸው ምክንያቱ ተገኝቷል። አጠገባቸው ቁሙ፤ በዚህ ምርመራ ላይ የሚወድቁ አሉ።

አካሄዳቸውን ለማየት ክንድ ማሳረፊያ ያለው ወንበርና ወለል ላይ የተሠመረ 3 ሜትር ይበቃል። ከወንበሩ ይነሱ፣ እስከ መስመሩ ይሂዱ፣ ዞረው ይመለሱ፣ ይቀመጡ። ከዘራ ካላቸው በከዘራቸው ይሂዱ። 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው የመውደቅ ስጋት አለ። ክብደት ጫማና ጋቢ ወልቆ ይመዘን። የስኳር ታማሚ ከሆኑ ካልሲ አውልቃችሁ በጣቶቹ መካከልና ተረከዙን እዩ። ዓይን፣ ጆሮ፣ ጥርስና የሽንት ሁኔታ በጥያቄ ያልቃሉ።

ማስታወስን ለመፈተን ሦስት ቃላት ነግራችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። በመጽሐፍ የሚገኘው የሰዓት ሥዕል ፈተና እርሳስ ጨብጠው ለማያውቁ አዛውንት አይሆንም፤ መሳል ያቃታቸው ከትምህርት ማጣት ይሁን ከሕመም መለየት አይቻልም። ይልቁን የዛሬው ቀን የማን በዓል እንደሆነ፣ ቀጣዩ ገበያ መቼ እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚይዘው ማን እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱን ከቤተሰብ ጋር አመሳክሩ።

ፌስታሉ

አሁን ፌስታሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘርገፍ። እያንዳንዱን መድኃኒት አንሱና ለእያንዳንዱ አራት ነገር ጻፉ፦ ስሙና መጠኑ፤ ለምን እንደሚወስዱት በራሳቸው አነጋገር፤ ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደታዘዘ፤ በእውነት እንዴት እንደሚወስዱት። አራተኛውን ለማግኘት «በትክክል ይወስዳሉ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ «አዎ» ነው። «እማማ፣ ትናንት ከተነሱ ጀምሮ እስኪተኙ የትኛውን መቼ እንደዋጡ ያሳዩኝ» በሉና እጃቸውን ተመልከቱ። ክኒኖቹን መቁጠርም ይረዳል፤ በ30 ቀን 60 የሚያልቀው 25 ከተረፈ ነገሩ ግልጽ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚገኙት ስህተቶች የሚደጋገሙ ናቸው። አንድ መድኃኒት በሁለት ስም፦ ላሲክስ ከአንዱ ቦታ፣ ፉሮሴማይድ ከሌላው፤ ሰውየው ሁለቱንም ይውጣሉ። ከሆስፒታል ሲወጡ የተቀየረው አሮጌ ክኒን ከአዲሱ ጋር አብሮ ይቀጥላል። ከላስቲክ ፖስታው ላይ የተጻፈው ጠፍቶ ነጭ ክኒን ሁሉ አንድ ይመስላል። ክኒኖቹ በየፖስታው ተቆርጠው ሲሰጡ ስሙና የሚያበቃበት ቀን ያለበት ጫፍ ሌላው ሰው እጅ ይቀራል፤ ለፋርማሲ ባልደረባችሁ ይህን ንገሩ።

የሰዓቱ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። «በየ12 ሰዓቱ» የተባሉ አዛውንት 12 ሰዓት ላይ፣ ያውም ማታ ብቻ፣ ይወስዳሉ። «በየ8 ሰዓቱ» የተባሉት ከቀኑ 8 ሰዓት ይጠብቃሉ። በሰዓት አትንገሩ። «ጠዋት ከቁርስ ጋር አንድ፣ ማታ ከራት ጋር አንድ» በሉ። ለማያነቡ ሰዎች በፖስታው ላይ ለጠዋቱ ፀሐይ፣ ለማታው ጨረቃ ሣሉ፤ የክኒኑን ቁጥር በነጥብ አመልክቱ። ከዚያ መልሰው እንዲያስረዷችሁ አድርጉ፤ «ገባዎት?» የሚለው ጥያቄ ምንም አያጣራም።

ከስም ስህተት የሚከፉት ግጭቶቹ ናቸው። ኢናላፕሪል (የግፊትና የልብ መድኃኒት)፣ ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት (ፉሮሴማይድ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ) እና ማስታገሻ (ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን) አንድ ፌስታል ውስጥ ከተገኙ ኩላሊት አደጋ ላይ ነው። ሦስቱ በተለያየ መንገድ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ የሚደርሰውን ግፊት ያወርዳሉ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረበት በቀናት ውስጥ ሊያደክሙት ይችላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከሐኪም ስለመጡ ካርድ ላይ አሉ፤ ሦስተኛው ካርድ ላይ ስለሌለ ሐኪሙ አያየውም። የሚያገኘው ፌስታሉን የሚከፍት ሰው ብቻ ነው። ለቁርጥማት ፓራሲታሞል በልኩ፣ ሞቅ ያለ ውኃ መያዝና ከዘራ መጠቀም ይሻላል። ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን አብረው ካሉ ሁለቱም ፖታሺየምን ስለሚያስቀሩ የፖታሺየም ምርመራ መቼ እንደተሠራ እዩ። ሜትፎርሚን (የስኳር ክኒን) ላይ ያሉትን የኩላሊት ማጣሪያ አቅም ፈትሹ፤ ከ30 በታች ከሆነ መቆም አለበት፤ ከ30 እስከ 45 ከሆነ መጠኑ መቀነስ አለበት።

አንዱ መድኃኒት ሌላውን የሚጠራበት ሰንሰለትም አለ። ሰውየው አምሎዲፒን የተባለውን የግፊት ክኒን ጀመሩ፤ ከጊዜ በኋላ ቁርጭምጭሚታቸው አበጠ፤ እብጠቱ የልብ መስሎ ፉሮሴማይድ ታዘዘ፤ ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ መነሳት ጀመሩ፤ ውጭ ወዳለው መጸዳጃ ሲሄዱ ወደቁ። ኢናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳልም እንዲሁ ብዙ ሰው ሽሮፕና አንቲባዮቲክ አስገዝቷል። ለዚህ አንድ ልማድ ይጠቅማል፦ አዲስ ምልክት በመጣ ቁጥር፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ምን መድኃኒት እንደተጀመረ ወይም እንደተጨመረ ቀኑን ፈልጉ።

ስለ ባህላዊው መድኃኒት፣ ስለ አረቄውና ስለ ጠበሉ ያለ ወቀሳ ጠይቁ፤ ከወቀሳችሁ ሁለተኛ አይነግሯችሁም። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ ሰው ሱባኤው እስኪያልቅ ክኒኑን ማቆሙ የተለመደ ነው። አትሂዱ ማለት ሰውየውን ማጣት ነው። መድኃኒታቸውን ይዘው እንዲሄዱ፣ የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ፣ የልብ ድካም ካለባቸው ጠበሉን በብዙ ሊትር እንዳይጠጡ፣ ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ደግሞ አብሯቸው የሚያድር ሰው እንዲኖር ተስማሙ።

ሁሉም ሲጻፍ በራሳችሁ ሥልጣን አታቁሙ። ለሐኪሙ ግማሽ ገጽ አዘጋጁ፤ ከላይ የአዛውንቱ ፍላጎት፣ ከሥሩ የመድኃኒቶቹ ዝርዝር፣ ከዚያ ጥያቄው። «ብዙ መድኃኒት ስለሚወስዱ ይታይልን» የሚል ወረቀት መልስ አያገኝም። «ተኝተው 150/80፣ ቆመው 118/70፤ በወር ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ይቁም ወይ?» የሚል በሁለት ደቂቃ ይመለሳል። ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ የተገዛውን ማስታገሻ ግን ከነምክንያቱ እዚያው አስረድታችሁ እንዲያቆሙ ምከሩ።

ጾም

በዓመት ውስጥ ሥራው የሚበዛው ከሁዳዴ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ፣ ጠዋት ግን እንደወትሮው ግሊቤንክላማይድ የሚውጡ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ እናት፣ ስኳራቸው እኩለ ቀን አካባቢ ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማንና ለደካሞች እንደምታዝን ሁሉም ያውቃል፤ ቃሉ ግን ከነርስ ሳይሆን ከንስሐ አባታቸው ሲመጣ ነው የሚይዘው። ከተቻለ ካህኑን በስልክ አግኙ። ሰዓት አልጾምም ብለው የጾም ምግቡን ብቻ ከጠበቁ ችግሩ በአብዛኛው ይቀላል፤ ባቄላው፣ ምስሩና ሽሮው ምግብ ነው። እስከ ዘጠኝ መጾማቸው ካልቀረ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን በሐኪም ይቀየር። በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በአርጎባ አካባቢ ለረመዳን ያው ዝግጅት ያስፈልጋል፤ የሱሁርና የአፍጥር ሰዓት ዋና መነሻ ነው። ኢንሱሊን የሚወጉና ኩላሊታቸው የደከመ አዛውንት ከፍተኛ አደጋ ውስጥ ስለሆኑ ከኢማማቸው ጋር ጭምር ይመከርበት።

የስኳር መውረድ አረጋውያን ላይ በላብና በመንቀጥቀጥ ላይመጣ ይችላል። ድንገት መቀባዠር፣ እንቅልፍ፣ መንገዳገድ፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ሊሆን ይችላል፤ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል የመሰሉ መድኃኒቶችም መንቀጥቀጡን ይሸፍኑታል። ቤተሰቡ ይህን ይወቅ፦ ከ70 በታች ከሆነ፣ መለኪያ ከሌለም ከተጠረጠረ፣ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ መድገም፤ ሲነቁ ምግብ ማብላት። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይጨመር፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይሮጥ። በግሊቤንክላማይድ የወረደ ስኳር ግሉኮስ ተሰጥቶ ከተነሳ በኋላም በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል፤ ነቁ ብላችሁ በዚያው ወደ ቤት አትሸኙ፣ አሳድሩ።

የምርመራ ጠዋትም ትንሿ ጾም ናት። «ሳይበሉ ይምጡ» የተባሉ ሰው ኢንሱሊናቸውን ተወግተው የሦስት ሰዓት መንገድ በመኪና ተጉዘው ይመጣሉ። መልእክቱ ሙሉ ይሁን፦ «ሳይበሉ፣ የስኳር መድኃኒቱንም ሳይወስዱ ይምጡ፤ መድኃኒቱንና ምሳዎን ይዘው ይምጡ፤ ደም እንደሰጡ ይበላሉ።»

ኢንሱሊን በደጋና በቆላ

ከጣርማ በር በላይና በታች የኢንሱሊን አቀማመጥ ይለያያል። በደጋው በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ አለ፤ የቀዘቀዘው ሌሊት ኢንሱሊኑን በረዶ ካደረገው ቢቀልጥም አይሠራም። መስኮት ሥርና ቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ አይቀመጥ፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ይሁን። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጠላቱ ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ ከሌለ በእርጥብ አሸዋ በተከበበ ሸክላ ውስጥ፣ ውኃው ወደ ጠርሙሱ እንዳይገባ በላስቲክ ታስሮ ይቀመጥ። የተጀመረ ጠርሙስ ከ30 ዲግሪ ባነሰ ሙቀት አራት ሳምንት ያህል ይቆያል፤ የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ጻፉ።

ሲሪንጁን ሁልጊዜ እዩት። ኢንሱሊኑ ባለ 100 (በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት) ሆኖ ሲሪንጁ ባለ 40 ከሆነ፣ 20 ላይ የተቀዳው ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ይኸውም 50 ዩኒት። በአንድ ውጋት ሰው ሊገድል ይችላል። ኤን ፒ ኤች የተባለው ደፍራሹ ኢንሱሊን ደግሞ ሳይናጥ በሁለት መዳፍ መካከል ከ10 እስከ 20 ጊዜ ይንከባለል፤ ካልተንከባለለ አንድ ቀን ውኃውን፣ ሌላ ቀን ዝቃጩን ይወጋሉ። ዓይናቸው ለደከመ ሰው አስታማሚዋ እናንተ ፊት ቀድታ ታሳይ። ስኳሩ ወረደም ወጣም፣ መጠን ከመቀየሩ በፊት የሚወጉበትን ቦታ ዳብሱ፤ አንድ ቦታ ተደጋግሞ ተወግቶ ከጠጠረ ኢንሱሊኑ በደንብ አይሰርጽም።

የልብ ድካም በቤት

ሚዛን ያለው ቤት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት ይመዝን። በሦስት ቀን ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመረ ውኃ ነው፤ ትንፋሽ እስኪያጥር ሳይጠበቅ ይደወል። ሚዛን በሌለበት መቀነት ይሠራል። ጤነኛ ሆነው ባሉበት ቀን በእምብርት ላይ አዙራችሁ የሚገናኝበትን ቦታ በክር ምልክት አድርጉበት፤ በየሦስት ቀኑ ጠዋት ይታሰር። ምልክቱ መገናኘት ካቃተው፣ ወይም አውራ ጣት የቅልጥሙ ፊት ላይ ሲጫን የሚተወው ጉድጓድ እየጠለቀ ከሄደ፣ ወይም ትራስ መጨመር ካስፈለጋቸው ያው ነው።

«ጨው ይቀንሱ» ቢባል እማማ ወጡ ላይ ጨው ላይጨምሩ ይችላሉ። ጨዉ ግን በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ አስቀድሞ ገብቷል። በርበሬ ሲደቆስ የእሳቸው ያለ ጨው ለብቻ እንዲወጣ ቤቱን ምከሩ፤ የቀኑ ጠቅላላ ጨው ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም በታች ይሁን። ሳል ያለባቸውን ደግሞ ከኩበት ጢስ አርቁ።

ከሆስፒታል ሲወጡ

ከሁሉ የሚያሰጋው ከወጡ በኋላ ያለው ሳምንት ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ደውሉ፤ የልብ ድካም ከነበረ በሰባት ቀን ውስጥ ይታዩ። ስልኩ ላይ ይህን ጠይቁ፦ አዲሱን መድኃኒት አግኝታችኋል ወይስ ጠፍቶ ነው? አሮጌው የት አለ? በልተዋል? ሽንት አለ? ዛሬ ከአልጋ ተነስተዋል? ከትናንት የተለየ ንግግር አላቸው? የመጨረሻው ጥያቄ አይዘለል። ድንገት የመጣ መቀባዠርን ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ብዙ ጊዜ ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገት፣ የስኳር መውረድ ወይም የመድኃኒት ጉዳት ነው፤ በዚያው ቀን መታየት አለበት። ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ በጤና ኬላው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ይጠየቅ፤ «ሄደሽ እያቸው» ከማለት ስድስቱን ጥያቄ ጽፎ መላክ ይሻላል።

ቤቱን ለማየት ዕድል ካገኛችሁ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። በክረምት ጭቃው፣ ሌሊት ጨለማው ነው የሚጥላቸው። ለሌሊት ፖፖ፣ ከአልጋው ራስጌ ባትሪ፣ በበሩ ላይ የሚጨበጥ እንጨት፤ ከዚህ በላይ ወጪ አያስፈልግም። ውኃ የሚያስወጣውን ክኒን ጠዋት ማድረግም መመላለሱን ይቀንሳል።

ቀጠሮና ደብተር

የስኳር፣ የልብና የዓይን ቀጠሮ በሦስት ቀን ከተበተነ ሁለቱ ይቀራሉ። ወደ አንድ ቀን ሰብስቡ፤ በተለይ ከአለም ከተማና ከመሐል ሜዳ ወገን ለሚመጡት። ቀኑን በበዓል አስይዙ፤ «የሚካኤል ማግስት» ከ«13» ይልቅ አይረሳም። በበዓሉ ዕለት ግን አትቅጠሩ፤ አይመጡም። የጤና መድን መታወቂያቸው የታደሰበትን ጊዜ ደብተሩ ላይ ጻፉ፤ ሳይታደስ ካለፈ መድኃኒቱ በኪስ ይሆንና በሁለተኛው ወር ይቋረጣል። ቀጠሮ የቀረ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ይደወልለት።

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ይበቃል፦ ፍላጎታቸው፣ መድኃኒቶቹ፣ የአስታማሚዋ ስልክ፣ ተኝተውና ቆመው የተለካ ግፊት፣ ክብደት፣ ለሐኪሙ የቀረበው ጥያቄና መልሱ፣ ቀጣዩ ጥሪ። መልስ ያላገኘውን ጥያቄ በቀይ አክብቡት። አስታማሚዋንም በሦስት ወር አንዴ ለብቻዋ አነጋግሯት፤ እንቅልፍ ታገኛለች ወይ፣ የሚተካት አለ ወይ።

ሦስት ወር በተከታታይ ያልወደቁ፣ ያልተኙ፣ መድኃኒታቸው ያልተቀየረና ቀጠሮ ያላጓደሉ ሰው ወደ መደበኛው ክትትል ይመለሱና ቦታቸው ለሚቀጥለው ይሰጥ። ገጹን አትቅደዱት፤ የወጡበትን ቀንና ምክንያት ጻፉበት፤ ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት በፊትና ክረምቱ ሲገባ አንድ አንድ ጊዜ ደውሉላቸው።